ጆሮው ላይ ዝጉበት

«ደግሞ በዚህ ዘመን እንዲህ ተደርጎ የሚሸወድ ሰው አለ?»

ይቺን አባባል ሰሞኑን ስንት ቦታ እንደሰማኋት አልነግራችሁም። ታክሲ ውስጥ ሰማኋት፤ ማኪያቶ ላይ ሰማኋት፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ሰማኋት። እገሌ በስልኩ በመጣ መልእክት ይህን ያህል ብር ተበላ ተብሎ ሲወራ፣ ገና የብሩ መጠን ተጠርቶ ሳያልቅ ይቺ ዓረፍተ ነገር ከተፍ ትላለች። ቀጥሎ ሳቅ አለ። ከሳቁ ቀጥሎ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው እንዴት ነቄ እንደሆነ ስለ ራሱ የሚመሰክርበት ክፍለ ጊዜ አለ። «እኔ እኮ ገና ሄሎ ሲለኝ ነው ያወቅኩት!» «እኔማ ወሬ አስረዝሜ ካርዱን አስጨረስኩት!» ምን አለፋችሁ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ያ የተበላ ሰው ከገንዘቡ ሌላ ጭንቅላትም እንደሌለው ተፈርዶበት እንበተናለን።

እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ፍርዱ ስህተት ነው። ስህተት ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ፤ ሌባውን የሚጠቅም ስህተት መሆኑ ነው የሚያናድደኝ።

እስቲ ከትልልቆቹ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 የሂላሪ ክሊንተን የምርጫ ዘመቻ ሊቀ መንበር ለነበሩት ለጆን ፖዴስታ አንድ ኢሜይል መጣላቸው። ከጉግል የተላከ ይመስላል። የይለፍ ቃልዎን ያገኘ ሰው ዩክሬን ሆኖ ሊገባብዎት ሞክሯል፣ አሁኑኑ ይቀይሩ ይላል፤ ከሥሩ የሚነካ ሊንክ አለው። እንደ ዋዛ አልተነካም። ቢሯቸው ለኮምፒውተር ሠራተኛ አሳየው። እሱም «ትክክለኛ ኢሜይል ነው፤ አሁኑኑ ይቀይሩ» ብሎ መለሰ። በኋላ ለኒውዮርክ ታይምስ እንደተናገረው ሊጽፍ የፈለገው «ትክክለኛ ያልሆነ» ነበር፤ አንዲት ቃል ጎደለችበት። ይገርማችኋል፣ ይኸው ሰው እውነተኛውን የጉግል አድራሻም አብሮ ልኮላቸው ነበር። የተነካው ግን ኢሜይሉ ይዞት የመጣው ሊንክ ሆነ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የሰውዬው ደብዳቤዎች በዊኪሊክስ በኩል ወጥተው ዓለም ሁሉ አነበባቸው።

ፖለቲከኛ ስለሆኑ ነው የምትሉ ካላችሁ ደግሞ ጉግልና ፌስቡክ አሉላችሁ። ከ2013 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ አንድ የሊቱዌኒያ ሰው ዕቃ የሚያቀርብላቸውን የታይዋን ኩባንያ መስሎ፣ የሐሰት ኢሜይልና የሐሰት ደረሰኝ እየላከ፣ ከሁለቱ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስከፍሏል። በ2019 አሜሪካ ውስጥ አምስት ዓመት ተፈርዶበታል። እንግዲህ የዓለምን ኢሜይል የሚያስተዳድረውን ኩባንያ «ያልነቃ» ብሎ የሚስቅበት ካለ ይሳቅ።

ሦስተኛው ይብሳል። ትሮይ ሀንት የሚባል አውስትራሊያዊ አለ፤ ኢሜይላችሁ ከተሰረቁ መረጃዎች መካከል መኖር አለመኖሩን የምታዩበትን «ሀቭ አይ ቢን ፖውንድ» የተባለ ድረ ገጽ የፈጠረ፣ እንጀራው ሌሎችን ተጠንቀቁ ማለት የሆነ ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ለንደን ላይ፣ የረጅም በረራ ድካም ሳይለቀው፣ «ቅሬታ ስለቀረበብህ ለአንባቢዎችህ ደብዳቤ መላክ ታግደሃል» የሚል ኢሜይል ደረሰው። ደነገጠ። ገባ። የይለፍ ቃሉን ጻፈ፤ የመጣለትንም ኮድ ጻፈ። ወዲያው ቢባንንም ወደ 16 ሺህ የሚጠጉ የደንበኞቹ የኢሜይል አድራሻዎች በደቂቃዎች ውስጥ ተወስደው ነበር።

ታዲያ ጥያቄው «ማነው ሞኙ?» መሆኑ ይቅርና «ምናችንን ይዘው ነው የሚስቡን?» ይሁን። ፈረንጆቹ ይህን ሥራ «ፊሺንግ» ይሉታል፤ ዓሣ ማጥመድ ከሚለው ቃል ነው የወሰዱት፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ኦንላይን የሚባለው ኩባንያ በገነነበት ጊዜ የይለፍ ቃል የሚሰርቁ ልጆች አጻጻፉን ትንሽ አጣመው ስም አደረጉት። ስያሜው ይመቸኛል። ዓሣ በመንጠቆ የሚያዘው ሁልጊዜ የሚበላውን ትል ስለሚሰቅሉለት ነው። እኛስ ሁልጊዜ የምንበላው ምንድነው?

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ የምነግራችሁ የባለቤቷን ፈቃድ ጠይቄ ነው። እኛ ሰፈር ሁሉም «ቲቸር» የሚላቸው ሴት አሉ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ጠመኔ ይዘው ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የእቁባችን ጸሐፊ የነበሩ፣ አምስት ብር ብትጎድል እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሴት ናቸው። አንድ ቀን ማታ ከድሮ ተማሪያቸው በቴሌግራም መልእክት ይገባላቸዋል። «ቲቸር እንዴት አመሹ? የእህቴ ልጅ የሥዕል ውድድር ገብታ ነበር፤ እባክዎ ድምፅ ይስጡልኝ» ይላል፤ ሊንክ አለው። በቃ። ሚሊዮን ብር ወጣልዎ አይል፤ ዱባይ ይሄዳሉ አይል። አንዲት ሕፃን ሥዕል ሣለች ነው የሚለው። ዕድሜ ልኳን የልጅ ደብተር ስታርም የኖረች መምህርት ይህን እምቢ ትላለች? ሊንኩን ነኩት። ስልክ ቁጥርዎን ያስገቡ አላቸው፤ አስገቡ። አሁን ኮድ ይደርስዎታል፣ እሱን ይጻፉ አላቸው፤ ጻፉ። ያ ኮድ የራሳቸው ቴሌግራም የበር ቁልፍ ነበር። ተማሪያቸውም ምንም አልላከም፤ እሱ ከእሳቸው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ በዚያው መንጠቆ ተይዟል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነው የእኔ ጉዳይ። ሌባው በቲቸር ስም፣ በቲቸር ፎቶ፣ በቲቸር ትሕትና ለእቁብተኛው ሁሉ ጻፈ። «አንድ ችግር ገጥሞኝ ነው፤ 15 ሺህ ብር ብታበድሩኝ ከነገ ወዲያ እመልሳለሁ። ሐኪም ቤት ስለሆንኩ ስልክ ማንሳት አልችልም።» አራት ሰዎች ላኩ። 60 ሺህ ብር። ብሩ የገባበት ሂሳብ በቲቸር ስም እንኳ አልነበረም፤ «የወንድሜ ልጅ ሂሳብ ነው» ተባለ፣ አለቀ።

ከአራቱ አንዱን፣ ሱቅ ያለውን ጎረቤቴን ጠየቅኩት።

«ለምን ደውለህ አላረጋገጥክም?»

«ለቲቸር?» አለኝ ዓይኑን አፍጥጦ። «ተቸገርኩ ላሉ ሴት ደውዬ ‹በእርግጥ እርስዎ ነዎት ወይ?› ልበላቸው? ያስተማሩኝን ሴት? ምን ይሉኛል?»

ምን ይሉኛል! ይኸውላችሁ መንጠቆው። እኛ ዘንድ ገንዘብ የቸገረው ሰው አፍሮ ነው የሚጠይቀው። ጨዋ ሰው ደግሞ ያፈረን ሰው ደግሞ አያሳፍርም፤ ቶሎ ይሰጣል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይሰጣል፣ ለምን ብሎ አይመረምርም። ደውሎ ማረጋገጥ «አላመንኩህም» ብሎ ፊት ለፊት እንደመሳደብ ነው። ሌባው ይህን ሁሉ ያውቃል። ኮምፒውተር የሚያውቀውን ያህል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ አስተዳደጋችንን ያውቃል።

አታምኑኝም? «በስህተት ብር ላክሁልዎ» የሚለውን ደግሞ እዩልኝ። መጀመሪያ የባንክ መልእክት የሚመስል ጽሑፍ ይመጣል፤ ሂሳብዎ ውስጥ 8 ሺህ ብር ገብቷል ይላል። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ስልክ ይደወላል። «እናቴ፣ በስህተት እርስዎ ጋ ገባብኝ፤ የቤት ኪራዬ ነው፤ ስለ ማርያም ይመልሱልኝ!» መልካሟ ሴት የራሷን 8 ሺህ ትልካለች። የገባ ብር አልነበረም፤ የገባው ጽሑፍ ብቻ ነው። እስቲ ልብ በሉ፣ ይህ ወጥመድ ሌባን አይዝም። ሌባማ «እሰይ፣ አምላክ ሰጠኝ» ብሎ ስልኩን አጥፍቶ ይተኛል። ይህ ወጥመድ የሚይዘው የሰው ሐቅ የሚከብደውን ሰው ብቻ ነው። እኛ ደግሞ በዚያ ሰው ላይ እንስቃለን። (መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሂሳብን በራስ መተግበሪያ ወይም በባንኩ አጭር ቁጥር ገብቶ ማየት። በእርግጥ ገብቶ ከሆነም መላሹ ባንኩ ይሁን፤ ጠያቂው ሄዶ ለባንኩ ያመልክት።)

ስግብግብነትን የሚያጠምድ የለም አልልም። አለ። የዲቪ ወረት በደመቀባቸው ዓመታት የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዕጣውን ተመዝጋቢው ራሱ በማረጋገጫ ቁጥሩ ገብቶ እንዲያይ ካደረገ በኋላም፣ «ደርሶሃል፣ ይህን ያህል ዶላር ላክ» የሚል ኢሜይል ስንቱን ሰው አስለቅሷል። የማይክሮሶፍቱ ተመራማሪ ኮርማክ ኸርሊ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ እንዲያ ያለው ሌባ ታሪኩን ሆን ብሎ የማይታመን ያደርገዋል፤ ተጠራጣሪው ገና ከበሩ እንዲመለስለት፣ ጊዜውንም በእሱ ላይ እንዳያባክን። ግን እሱም ቢሆን ሁሉ ስግብግብ አይደለም፤ አገር ጥሎ መሄድን የመጨረሻ ተስፋው ያደረገ ወጣት ዘንድ ስግብግብነትና ጭንቀት ምን ያህል ይራራቃሉ? ሪያድ ወይም ዱባይ በሰው ቤት ለምትሠራ ልጅ «የባንክ ካርድሽ ታግዷል፤ መታወቂያሽን አሁኑኑ ካላሳደስሽ ትጠየቂያለሽ» ተብሎ በሚደወልላትስ ላይ ምን ስግብግብነት አለ? የመኖሪያ ወረቀቷ በቀጭን ክር የተንጠለጠለባት ልጅ ናት። ያጠመዳት ፍርሃቷ ነው።

ፍርሃት ካነሳን አይቀር ቢሮን ማንሳት አለብን። እኛ የቢሮ ድምፅ ያስደነግጠናል። ቅጹን ሙላ ሲሉን እንሞላለን፤ ኮፒ አምጣ ሲሉን እናመጣለን፤ አራት ጉርድ ፎቶ ሲሉን አራት እንሰጣለን፣ አራቱ ለምን እንደሚፈለጉ የጠየቀ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሌባው ይህን የቢሮ ድምፅ ብቻ ነው የሚቀዳው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ የዘንድሮው ጅብ ግን በሚያውቁትም አገር እየተነጠፈለት ነው፤ ምክንያቱም እውነተኞቹ ባለ ቢሮዎች ከእሱ የማይለይ ጠባይ አምጥተዋል።

ባለፈው ዓመት ነው። ስሙን ከማልጠራው አንድ ባንክ ተደወለልኝ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ ከባንክ ነው። የደንበኞችን መረጃ እያደስን ስለሆነ የመታወቂያዎን ፎቶ በሁለቱም በኩል አንስተው በቴሌግራም ይላኩልኝ። የእናትዎንም ሙሉ ስም።»

«በየትኛው ቁጥር?»

«በዚሁ በደወልኩበት። የግል ስልኬ ነው፤ የቢሮው አይሠራም።»

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ነገ እዚያው ቅርንጫፉ እመጣለሁ» አልኩና ዘጋሁት። ወዲያው መልሶ ደወለ።

«ጋሼ፣ ጆሮዬ ላይ ነው እንዴ የሚዘጉት? ሌባ መሰልኩዎት?»

በማግስቱ ሄድኩ። ልጁ እውነተኛ ነበር፤ ክራቫቱን አስሮ ሦስተኛው መስኮት ላይ ተቀምጧል። ተቀይሞኛል። ኃላፊዋ ጋ ገብቼ ይህ አሠራር ደንበኛን ለአጥማጅ ማለማመድ ነው ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። በትዕግሥት ሰማችኝና «ደንበኞቻችን ሁሉ ልከዋል እኮ፤ እርስዎ ብቻ ነዎት» አለችኝ።

ደንበኞቻችን ሁሉ ልከዋል! ሴትዮዋ ይህን እንደ መልካም ዜና ነው የነገረችኝ። ይኸው ባንክ በየሳምንቱ «ሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ» የሚል መልእክት ይልክልኛል። ሰኞ ለማንም አትስጡ ይላል፤ ማክሰኞ ራሱ በግል ስልክ ደውሎ ስጡኝ ይላል። ረቡዕ ሌባው ሲደውል ደንበኛው በምን ይለየው? ሲበላ ደግሞ «ራስዎ ነው የሰጡት፣ ባንኩ አይጠየቅም» ይባላል። ይህን የሚያደርግ መሥሪያ ቤት ሁሉ ለአጥማጁ ዓሣ እያረባ ነው። ከግል ስልክ መደወል፣ መታወቂያ በቴሌግራም መሰብሰብ፣ በመልእክት ውስጥ የሚነካ ሊንክ መላክ፣ ሦስቱን ቢተዉ ለጥንቃቄ ማስታወቂያ ከሚያወጡት ገንዘብ ይልቅ ይጠቅመን ነበር።

እስከዚያው ድረስ ግን እንዝጋ። «ጆሮዬ ላይ ዘጋብኝ» የሚለው አነጋገር በእኛ አገር ከስድብ የሚቆጠር ነው፤ እሱን ከስድብ መዝገብ እንሰርዘው ነው የምለው። ሌላው ጥንቃቄ ሁሉ ከዚህች የሚወለድ ነው። የደወለውን ዝጉበት፤ ከዚያ እናንተ ራሳችሁ በምታውቁት ቁጥር ደውሉ፤ በደብተራችሁ ወይም በካርዳችሁ ጀርባ በተጻፈው፣ ቴሌ ከሆነ በ994፣ ቴሌብር ከሆነ በ127። ኢሜይል ከሆነ ሊንኩን ተዉትና አድራሻውን ራሳችሁ ጻፉት። የፖዴስታ ሰዎች እውነተኛው አድራሻ እጃቸው ላይ ነበር እኮ! የሚደወልላችሁ እውነተኛ ከሆነ መልሳችሁ ብትደውሉለት የሚጎድልበት ነገር የለም። አትዝጋ፣ መስመር ላይ ቆይ፣ ለማንም አትንገር የሚል ከሆነ ደግሞ ነገሩ አለቀ። አጥማጁ ከምንም በላይ የሚፈራው የአሥር ደቂቃ ዕረፍት ነው። «በሁለት ሰዓት ውስጥ ካላደሱ ይዘጋል» የሚለው ለዚህ ነው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት እሱም ሰምቶታል።

አድራሻ ማንበብን በተመለከተ እኛ ከፈረንጅ ሳንሻል አንቀርም። ስማችን ራሱ ያስተምረናል። ማንም ድሃ ልጁን ንጉሤ ብሎ መሰየም ይችላል፤ የማን ቤት ልጅ እንደሆነ የሚነግራችሁ ከኋላ ያለው የአባቱ ስም ነው። የኢንተርኔት አድራሻም እንደዚያው። «ባንክዎ ዶት ሽልማት ዶት ኮም» የሚል ብታዩ ይህ አድራሻ የባንክዎ አይደለም። «ባንክዎ» የተሰጠው ስም ነው፤ ማንም ያወጣዋል። አባቱ «ሽልማት ዶት ኮም» ነው። መነሻው ላይ ያሉትን ሁለት እዝባሮች እለፉና የመጀመሪያዋ ነጠላ እዝባር ጋ ቁሙ፤ ከእሷ ወደ ግራ እያነበባችሁ አባቱን ጠይቁ። መጨረሻው «ዶት ኮም ዶት ኢቲ» ከሆነ አባቱ ከዚያ በፊት ያለው ቃል ነው። የስልክ መስኮት ጠባብ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የአድራሻው ክፋይ ብቻ ይታያል፤ ሌባውም ረጅም አድራሻ የሚወደው ለዚህ ነው። የትሮይ ሀንትን ነገር ያዙልኝ። የይለፍ ቃሎቹን የሚያስቀምጥለት ፕሮግራም በሐሰተኛው ገጽ ላይ ቃሉን አልሞላለትም ነበር፤ አባቱ ሌላ መሆኑን አይቷላ! ሰውዬው ግን በድካም ራሱ ጻፈው። ፕሮግራሙ የያዘውን የይለፍ ቃል አልሞላም ካለ ለምን ብላችሁ ቁሙ። እሱ እንደኛ ይሉኝታ የለውም።

ቁልፍ የምትመስለዋን ምልክት አይታችሁ አትጽናኑ። እሷ የምትለው በእናንተና በገጹ መካከል ሌላ ሰው አይሰማም ነው፤ ገጹ የሌባ ቢሆንም አይሰማም። ሰው ሁሉ ተሳስቶ ስለተረጎማት ጉግል በ2023 እ.ኤ.አ. ክሮም ላይ ምልክቷን አንስቶ በሌላ ተካት። በአጭር መልእክት ላይ የሚታየው የላኪ ስምም ይጭበረበራል፤ ይባስ ብሎ ስልካችሁ ሐሰተኛውን ከእውነተኞቹ መልእክቶች ሥር ይደረድረዋል። «የፊደል ስህተት ፈልጉ» የሚለው የድሮ ምክር ደግሞ ጊዜው አልፎበታል። ዛሬ ማሽን ለሌባው የተጣራ ደብዳቤ ይጽፍለታል። ደግሞስ በፊደል ስህተት የምንፈርድ ከሆነ ከየመሥሪያ ቤቶቻችን ማስታወቂያ ስንቱ ነው ከሌባ የሚለየው? ኮድን በተመለከተ ግን ወለም ዘለም የለም። በስልካችሁ የመጣ ኮድ እናንተ ራሳችሁ ሄዳችሁ ካንኳኳችሁት በር በስተቀር የትም አይጻፍም፤ ለማንም አይነበብም፤ ባንክ ነኝ ቢል፣ ተማሪዎ ነኝ ቢል፣ ልጅሽ ነኝ ቢል።

አሁን ወደ ሳቁ ልመለስ። ቲቸር ቴሌግራማቸው እንደተወሰደ ያወቁት በዚያችው ምሽት ነው። ለማንም አልተናገሩም። አንድ ቀን ተኩል ዝም አሉ። በሰፈሩ ጨዋታ ላይ «በዚህ ዘመን የሚሸወድ አለ?» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተዋል፣ ምናልባትም አብረው ስቀዋል፤ አሁን እሳቸው ያ ሰው ሆኑ። ከአራቱ ሰዎች ሁለቱ የላኩት በዚያች አንድ ቀን ተኩል ውስጥ ነው። እንግዲህ ሂሳቡን ሥሩት፤ 30 ሺው ብር የሄደው በሌባው ብልጠት ነው፤ ሌላው 30 ሺህ የሄደው በእኛ ሳቅ ነው።

ዝም ባይሉ ኖሮ ብዙ ይደረግ ነበር። ቴሌግራም ላይ «ዲቫይስስ» የሚለው ውስጥ ገብቶ የማያውቁትን መሣሪያ ማስወጣት ይቻላል፤ ቴሌግራም አዲስ የገባ መሣሪያ የድሮውን ወዲያው እንዳያስወጣ ለጥቂት ሰዓታት ስለሚከለክል፣ ባለቤቱ ከቀደመ በሩ የእሱ ነው። ቀድሞ ሁለተኛ የይለፍ ቃል አስቀምጠው ቢሆን ደግሞ ኮዱ ብቻውን አያስገባም ነበር። ለዘመድ ሁሉ «የእኔ አይደለም፣ እንዳትልኩ» ብሎ መደወል፣ ብር ለላከ ሰውም በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ባንኩ መጮህ ዋጋ አለው፤ ብሩ ገና ከዚያ ሂሳብ ሳይወጣ ሊደረስበት ይችላል። ፖሊስ ጋ መሄድም አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር ማታለልንም ሆነ የሌላውን ማንነት መስረቅን ወንጀል ብሎ ደንግጓል። ግን ሕጉ ከሳሽ ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ከሳሹን ስቀን ቤቱ አስገብተነዋል።

ትሮይ ሀንት እንደተያዘ ባወቀበት በዚያው ቀን ሙሉ ታሪኩን ጽፎ በስሙ አወጣው፤ አድራሻቸው የተወሰደባቸውንም ሰዎች አሳወቀ። ዓለም ያወቀው የጥንቃቄ ባለሙያ «ተይዣለሁ» አለ። ቲቸር ግን የእቁቡን ጸሐፊነት ለቀቁ። ማንም ሳይጠይቃቸው ለአራቱም ሰዎች ከጡረታቸው በየወሩ እየቆነጠሩ መክፈል ጀምረዋል። ባለ ሱቁ አልቀበልም ብሎ ለምኗቸው ነበር፤ ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ጥለውለት ሄዱ። ያልበሉትን ብር የሚከፍሉት ምን እንዳይባሉ ነው? እስቲ የምንስቅ ሁላችን እንመልስ።

ባለፈው ወር የእቁቡ ስብሰባ ላይ አንድ ደንብ ቀረበ። በጽሑፍ ብር የጠየቀ ሰው ሁሉ ይደወልለታል፤ የተደወለለትም አይቀየምም። «አይቀየምም» የምትለዋ ቃል ላይ ግማሽ ሰዓት ተከራከርን፤ በመጨረሻ በቃለ ጉባኤ ሰፈረች። አንድ ሽማግሌ ግን እጃቸውን አወጡ። «ድምፁንም የሚቀዳ መጥቷል አሉ፤ የሚያነሳው ሌባው ቢሆንስ?» እውነታቸውን ነው። ሆንግ ኮንግ ውስጥ አሩፕ የተባለው የእንግሊዞች ኩባንያ ሠራተኛ በ2024 እ.ኤ.አ. እንደታወቀው፣ አለቆቹን በቪዲዮ ስብሰባ ላይ አይቶ፣ ድምፃቸውን ሰምቶ፣ 25 ሚሊዮን ዶላር ያህል ልኳል፤ የታዩት አለቆች በሙሉ በማሽን የተሠሩ ነበሩ። ስለዚህ የሚደውለው ሰው አንድ ጥያቄ ይጠይቅ ተባለ። «ባለፈው ዕጣው ለማን ወጣ?» ይባል አለ አንዱ። አይሆንም፤ እሱ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ተጽፏል፣ ሌባው ያነበዋል። ያልተጻፈ ነገር መሆን አለበት። «እንግዲያው እቁብ ላይ ሁልጊዜ አርፍዶ የሚመጣው ማነው?» ይባል አሉ ሽማግሌው፤ ሁላችንም ዞር ብለን አንድ ሰው አየን። ሰውዬው ገና መግባቱ ነበር።

«ምነው?» አለ ወንበር እየሳበ።